ለፌረቱ ምን ይገዛለት?

በካሊፎርኒያ ግዛት ፌረት ማሳደግ ክልክል ነው፤ ክልከላውም እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የቆየ ነው። እዚያው ካሊፎርኒያ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ብትገቡ ግን የፌረት ምግብ፣ የፌረት ሻምፑ፣ የፌረት መኝታ፣ የፌረት መጫወቻ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። እንስሳው ሕገ ወጥ፣ ኳሱ ሕጋዊ። ባለሱቁ ለማን እንደሚሸጥ አይጠይቅም፤ ገዢው ለማን እንደሚገዛ አይናገርም። እንዲህ ያለ መግባባት በትዳር ውስጥ እንኳ ብርቅ ነው።

ኒውዮርክ ከተማም ያው ናት። በ1999 ከንቲባው ሩዲ ጁሊያኒ የሬዲዮ ፕሮግራማቸው ላይ ሳሉ አንድ የፌረት ወዳጅ ደወለና ክልከላው ይነሳልን አላቸው። ከንቲባው ለእነዚህ ትንንሽ ፍጥረቶች ይህን ያህል መጨነቅ በሽታ ነው፣ የሚረዳህ ሰው ፈልግ ብለው አሰናበቱት። በ2015 የከተማዋ የጤና ቦርድ ጉዳዩን እንደገና አንስቶ ተወያየበትና ክልከላው ባለበት ይቀጥል አለ። በሕጉ ላይ እኔ የምለው የለኝም። ስለ በሽታው ግን ከንቲባው ብዙም አልተሳሳቱም፤ የሳቱት ቦታውን ነው። ፌረት መውደድ ጤና ነው። በሽታው የሚነሳው ወዳጁ መጫወቻ ሊገዛለት ሱቅ ሲገባ ነው።

ፌረትን አይቶ ለማያውቅ፦ ቀጠን ረዘም ያለ፣ እግረ አጭር፣ ጢማም እንስሳ ነው። ትልቁ ወንድ ሁለት ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ ሴቷ ከአንድ ኪሎ እምብዛም አታልፍም። ከሥጋ በቀር ሆዱ የሚስማማው ነገር የለም። በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። እንቅልፉ ሲከብድ ቢያነሱት፣ ቢያወዛውዙት፣ ቢጠሩት አይሰማም። አዲስ አሳዳጊ «ሞተብኝ!» ብሎ እንባውን እያዘራ ሐኪም ቤት ይዞት ይሮጣል፤ ፌረቱ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ያዛጋል። በምትተርፈው ጥቂት ሰዓት ግን የተኛበትን ሁሉ ያካክሳል። ጀርባውን አጉብጦ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እየዘለለ፣ «ዱክ ዱክ ዱክ» የሚል ድምፅ እያሰማ ይጨፍራል፤ ከግድግዳ ይላተማል፤ ይገለበጣል፤ ተነሥቶ ካልሲ ይሰርቃል።

ቨርጂኒያ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው ክፍል ገብተው ይህን ጭፈራ ሲያዩ በሩን ይዘው ቆሙ።

«በስመ አብ! ይኼ ሸለምጥማጥ አይደለም እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ፌረት ነው።»

«ዶሮ ቢያገኝ አይበላም?»

«ይበላል።»

«ማታ ማታ አይዞርም?»

«ሲመሽና ሲነጋ ነው የሚነቃው።»

«አይሸትም?»

«ትንሽ… ይሸታል።»

«እንግዲህ ልጄ፣ እኛ ዱላ ይዘን የምናባርረውን እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ አስገባችሁት።»

በሥጋ ዝምድና ከሄድን እማማ ተሳስተዋል። ፌረት የሸለምጥማጥ ወገን አይደለም፤ ፖልካት ከሚባለው የአውሮፓ የዱር አውሬ የተገኘ ነው። በጠባይ ከሄድን ግን መልስ የለንም። ቆየት ብዬ ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ፤ መጫወቻ በመምረጥ በኩልም የራሳቸው አስተዋጽኦ አላቸውና።

አሁን ወደ ሱቁ። ገዢው መደርደሪያው ፊት ይቆምና አንድ በአንድ እያነሳ መጭመቅ ይጀምራል። ሲጨመቅ ሲጢጥ የሚለውን ይወዳል። በእርግጥ ፌረትም ይወደዋል፤ ድምፁ ሊያዝ የተቃረበ አይጥ ድምፅ ይመስለዋል። ነገር ግን ፌረቱ የሚፈልገው ድምፁን መስማት ብቻ ሳይሆን ድምፁን ማውጣት ነው፤ ማውጣት ስል ከነሆድ ዕቃው። የምትጮኸዋ ትንሽ ፕላስቲክ ከጨርቁ ውስጥ ስትፈለፈል የዕድሜዋ ልክ አንድ ጉርሻ ነው።

ቀጥሎ ቀለም ይማረጣል። ሮዝ ይሻላል ወይስ ሰማያዊ? ፌረት በአፍንጫውና በጆሮው የሚኖር ፍጡር ነው። ዓይኑ ሩቅ አያይም፤ ከቀለም ጋርም ያለው ትውውቅ የላላ ነው። ሮዙ የሚመረጠው እንግዲህ ከሶፋው ጋር እንዲሄድ ነው። ሰውየው ለሳሎኑ እየገዛ እንደሆነ ብትነግሩት ይቀየማችኋል።

ከዚያ የልስላሴ ምርመራ ይመጣል። መጫወቻውን በጣቱ ያሻል፣ አንዳንዱም ጉንጩ ላይ ያስጠጋል፣ ከዚያም ሐሳቡን ለሚስቱ ይገልጻል፦ «ይኼኛው ለድዱ ጥሩ ነው።» ለፌረት ድድ! አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የፌረቱ ባለቤት መባልን አይወዱም፤ «እናቱ ነኝ»፣ «አባቱ ነኝ» ነው የሚሉት። ስሙ ይህን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው እናትና አባት ከሆኑ በኋላ እንደ እናትና አባት መግዛታቸው ነው። ለሕፃን ልጅ ለስላሳ ላስቲክ ደግ ነገር ነው፤ ያኝከዋል፣ ያላምጠዋል፣ እናቱ አጥባ ትመልስለታለች። ለፌረት ግን ከመጫወቻ ሁሉ ክፉው ይኸው ነው። ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ሲሊኮን፣ ለስለስ ያለ ጎማ ሲያገኝ ፌረት ምግብም እንቅልፍም ይረሳል። 34 ጥርሶች አሉት፤ የኋላዎቹ እንደ መቀስ ስለት ተጋጥመው ይቆርጣሉ። ቆርጦም አያላምጥም፤ ይውጣል። የተዋጠው ቁራጭ ቀጭኑ አንጀት ጋ ሲደርስ ይቆማል።

የሕፃኑ መጫወቻ ቢያንስ ዳኛ አለው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ ራሱም ሆነ የሚነቀለው ክፍሉ አፏ 3 ሴንቲሜትር ከጥቂት ሚሊሜትር በሆነች ሲሊንደር ይለካል፤ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከተዋጠ ለገበያ አይቀርብም። ለእንስሳት መጫወቻ እንዲህ ያለ አስገዳጅ የፌዴራል መለኪያ የለም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ጠንካራ»፣ «የማይበጠስ»፣ «ለብርቱ ነካሽ የተሠራ» ተብሎ በደማቅ የተጻፈው የአምራቹ መልካም ምኞት ነው። ፈተናው የሚሰጠው እናንተ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ፈታኙ ከገንዘባችሁ ምንም አይመልስም። መደርደሪያውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ «ለፌረት» የተባለው ዕቃ ከጎኑ ካለው የድመት መጫወቻ የሚለየው ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ፌረት ፈገግ ብሏል። ገና አልቀመሰውም።

አንጀቱ የተዘጋ ፌረት እንደ ውሻ ሁልጊዜ አያስመልስም፤ ሕመሙን ለባለቤቱ በቀላሉ አይነግርም። ምግብ ይተዋል፣ ይፈዝዛል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ አፉን በፊት እግሩ ይጠራርጋል። የበላው ገብቶ እስኪወጣ ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ለሚፈጅበት ሆድ፣ አንድ ቀን መዘጋት የሰው ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፌረት ሐኪሞች፣ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ካሉ ጎረምሶች ሆድ፣ በቀዶ ሕክምና የሚያወጡት ዕቃ ተሰብስቦ ቢቀመጥ ሱቅ ይከፍታል፦ የሪሞት ቁልፍ፣ ላጲስ፣ የጆሮ ማዳመጫ ስፖንጅ፣ የጫማ ገበር፣ የሰንደል ጫማ ተረከዝ፣ ለእንቅልፍ ጆሮ የሚደፈንባት ትንሽ ቡሽ፣ የአሻንጉሊት ጣት። በመካከሉም ያቺ ለድዱ ጥሩ የተባለችው ሮዝ ኳስ። ስትገባ ከአሥር ዶላር በታች የተከፈለባት፣ ስትወጣ በቀላሉ ሺህ ዶላር ታስቆጥራለች። ይህን ጊዜ ባለቤቱ ሐኪሙን እንዲህ የሚለው አይጠፋም፦ «ማሸጊያው ላይ እኮ የማይበጠስ ይላል።» አንጀቱም አልበጠሳትም ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይገዛለት? ጥርስ የማይገባበት ደረቅ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ቃጭል ቢኖር ቃጭሉ ሊወጣ የማይችል ኳስ። የጎልፍ ኳስ ጥሩ ነው፤ ሊነክሰው ይሞክራል፣ ይንሸራተትበታል፣ ይናደድና ያባርረዋል፣ ጨዋታውም ያ ነው። የፒንግፖንግ ኳስ ደስ ያሰኘዋል፤ ግን ስትሰነጠቅ ጠርዟ ስለሚሳል የዚያኑ ዕለት መጣል አለባት። ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅ፣ ዓይን የለው፣ አዝራር የለው፣ የሚመዘዝ ክር የለው። ካርቶን። የወረቀት ከረጢት፣ አንገቱ እንዳይታነቅ ማንጠልጠያው ተቆርጦ። የሽንት ቤት ወረቀት ካለቀ በኋላ የምትቀረው ጥቅል ጭንቅላቱን ከሰካባት ስለማትለቀው እንደ ጃኬት በቁመቷ ተቀድዳ ትሰጠው። ዝርዝሩ ከቆሻሻ ገንዳ የተለቀመ እንደሚመስል አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰው የማይወደው። የጠበበውን አሮጌ ጂንሱን ለፌረቱ የሰጠ ሰው ምንም ያልሰጠ ይመስለዋል፤ ደረሰኝ የሌለው ፍቅር ፍቅር አይመስልም።

የገና ሰሞን የፌረት አባት ትልቅ ካርቶን ይዞ ይመጣል። ውስጡ ባለሦስት ፎቅ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት አለ፤ ለመገጣጠም ማታውን ይፈጃል፤ ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ ፌረቱን ጠርቶ ያስመርቃል። ፌረቱ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ሰውየው የቅኔ ምሥጢር እንደሚፈታ ቆሞ ያስባል፣ ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ሌላ ቤተ መንግሥት ያዛል፤ የመጀመሪያው ቀለሙ አልተስማማው ይሆናል። በሁለተኛው ጊዜ ፌረቱ ሁለት ካርቶን ስላለው ደስታው እጥፍ ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። በልጆቻቸው ወጪ ተቆጡና «ይህን ሁሉ ለማን?» ብለው መርፌና ክር አስመጡ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ እኛ ሠፈር ልጅ ሁሉ እግር ኳስ የተማረበትን የካልሲ ኳስ ሰፉ። ጠንካራ፣ ድርብ ስፌት፣ አንድ ሳንቲም ያልወጣበት። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በእርሳቸው ስም እሰይመው ነበር። ነገር ግን ኳሱን አገላብጠው ሲያዩት ባዶ ሆነባቸው። «እንዲያምር» ብለው ሁለት አዝራር ለዓይን፣ አንድ ቀይ አዝራር ለአፍንጫ ተከሉበት። የልጅ ልጃቸው ሌሊት በድብቅ መቀስ ይዞ ተነሣና ፊቱን አጠፋው። በማግሥቱ እማማ «ይኸው፣ ዓይኑን በላው!» ብለው ፌረቱን ሲከሱ ልጁ ዝም አለ፤ ፌረቱም ዝም አለ። ሕፃን የሌለበት ቤት ሕፃን የሚያይ ዓይን የፈረንጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለ ስርቆቱም መነገር አለበት። ፌረት ያገኘውን ወደ ጓዳው የመደበቅ ዝንባሌ ከአባቶቹ ወርሷል። ለጫካው አውሬ የተደበቀው ሥጋ ለክፉ ቀን ነበር። ለሳሎኑ ፌረት የክፉ ቀን ስንቅ ማለት ቁልፍ፣ የኪስ ቦርሳ፣ አንድ ጎን ካልሲ፣ የሪሞቱ የባትሪ ክዳን ነው። ሶፋውን የገፋ ሰው የስድስት ወር ጭቅጭቅ መልስ ያገኛል፤ «አንተ ነህ ያስቀመጥከው»፣ «አንቺ ነሽ ያነሳሽው» የተባባሉበት ሁሉ በረድፍ ተደርድሯል። የተገዙለት መጫወቻዎች ግን እዚያ አይገኙም። ለመደበቅ ያህል ዋጋ አልሰጣቸውም።

እሱ ዋጋ የሚሰጠው ጠባብና ጨለማ ለሆነ ነገር ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ግሪካዊው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የአይቤሪያ ሰዎች ጥንቸል ሲያድኑ ከሊቢያ የመጣ እንዲህ ያለ አውሬ አፉን አስረው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚለቁ ጽፏል። አፉ የሚታሰረው ውስጥ በልቶ ጠግቦ እንዳይተኛ ነው፤ ያንን ካደረገ አዳኙ ከላይ ሆኖ ጉድጓድ እየተመለከተ ይመሽበታል። እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ለኖረ ዘር ደስታ ማለት ቱቦ ነው። ሰፋ ያለ፣ መሐሉ ላይ የማይጣበቅበት፣ ጫፉ ያልሰላ ቱቦ። ለልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚሆነው ተለጣጭ ቱቦ ብዙ ቤት ያገለግላል፤ ፕላስቲኩ ሲቀደድ ግን ውስጡ ያለው ሽቦ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ዘመኑ አበቃ።

ይህን ሐቅ የተረዱት ሱቅ የሚዞሩት ሰዎች ሳይሆኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው። በ1971 ቺካጎ አጠገብ፣ በኋላ ፌርሚላብ የተባለው ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ውስጥ የቀረውን ብናኝ የሚያጸዳ መላ ጠፋ። ፌሊሺያ የምትባል ፌረት በ35 ዶላር ተገዛች። ገመድ ታስሮባት በቱቦው ውስጥ ትሮጣለች፤ በገመዱ ጫፍ የመጥረጊያ ጨርቅ ይታሰርና ይጎተታል። አቶሙን ሊሰብሩ የተነሡ ሰዎች መንገዳቸውን ያስጠረጉት በእሷ ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን ዋናውን ቱቦ ስታይ ግን አልገባም አለች፤ መሐንዲሶቹ ለሱ ሌላ መሣሪያ ሠሩ። ለፌሊሺያ ሥራው መጫወቻዋ፣ መጫወቻዋም ሥራዋ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ሰሞን ካወጣው ገንዘብ ሁሉ አንጀቴን ያራሰኝ ያ 35 ዶላር ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ነገር። ስለ ላስቲክ አደጋ ሲያነብ የሰነበተ፣ ኳሱን ሁሉ መርምሮ ግማሹን የጣለ ጠንቃቃ አባት ማታ ከሥራ ይገባና ሪክላይነር በሚሉት፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ እግር በሚያነሳው ሶፋ ላይ ዘፍ ይላል። እጀታውን ይስባል። ከሥሩ ያለው የብረት መጋጠሚያ ጠባብ ነው፣ ጨለማም ነው፣ ፌረትም ጠባብና ጨለማ ነው የሚወደው። ነባር አሳዳጊዎች ከመጫወቻ ሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህን ሶፋ ነው። ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያውንና ማድረቂያውን፤ የቆሸሸ ልብስ ክምር ውስጥ የሞተ መስሎ የሚተኛ እንስሳ እንዳለ ረስቶ ክምሩን እንዳለ የሚያስገባ ሰው አለና። ነገር ግን ሶፋ ሽጥ የሚለውን ምክር ማን ይሰማል? ኳስ መቀየር ይቀላል። አንዱን ኳስ ጥሎ ሌላ ኳስ የገዛ ሰው ኃላፊነቱን ተወጥቶ፣ ሪክላይነሩን ለጥጦ ያርፋል።

ለጥንካሬ በአደባባይ የተፈተነ መጫወቻ የሚፈልግ ካለ፣ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሱሪ ነው። እንግሊዝ አገር ዮርክሸር ውስጥ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪው የውስጥ ሱሪ ሳይለብስ የሱሪውን ሁለት እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያስራል፣ ሁለት ፌረት በወገቡ በኩል ያስገባል፣ ቀበቶውን ይቆልፋል፣ ከዚያ ይቆማል። ብዙ ሰዓት የቆመ ያሸንፋል። የፌረቶቹ ጥርስ ሙሉ መሆን አለበት፤ ሰውየውም መስከር የለበትም፣ ይህ ለምን እንደ ፈተና እንደተቆጠረ የሚገባው ይገባዋል። ሬጅ ሜለር የሚባል የባርንስሊ ሰው በ1981 5 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ቆመ። ነጭ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ ደም ሲመጣ ተመልካቹ በግልጽ እንዲያይለት።

በ1986 ስድስት ሰዓቱን እሰብራለሁ ብሎ 2500 ያህል ሰው ፊት እንደገና ቆመ። አምስት ሰዓት ሲያልፍ አብዛኛው ሰው ሰልችቶት ሄደ፤ ሠራተኞች መጥተው መድረኩን መነቃቀል ጀመሩ፤ ሜለር «ገና ነኝ፣ ክብረ ወሰን ላይ ነኝ!» እያለ ይከራከራቸዋል። እዚያ ቦታ ያልሰለቸው እሱና ሱሪው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።